እርሳስ

አርባ ዓመት ሙሉ፣ ትራብዞን ወደብ፣ ጥቁር ባሕር ዳር፣
ዓሣ መዝነሃል፤ አውራ ጣት የሚያህል ሐምሲ፣ የብር ክምር።
ሁለት ሰው ሲጣላ «ሩሽቱ ይመዝነው» ይል ነበር ገበያው፤
ሳይንጠፈጠፍ አትመዝንም፣ ሐሰት ነው ትላለህ ውሃው።

አሁን ተራው ያንተ።
ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጫማህን አውልቀህ፣ በካልሲህ ብቻ
ትወጣለህ ሚዛን።
ቀዩ ቁጥር ዋዥቆ፣ ዋዥቆ እስኪረጋ
እኔና ነርስ ጉልሰረን ትንፋሽ እንውጣለን።

ከጨጓራህ ግማሹ የለም። የቀረው ኩሩ ነው፤
በሦስት ማንኪያ ይጠግባል፣ በአራተኛው ይቆጣል።
መድኃኒቱ ደምህ በገባ ማግስት
ዳቦው ካርቶን ካርቶን፣ ሥጋው ሳንቲም ሳንቲም ይላል።

እኔም ሌባ ሆንኩኝ በገዛ ጓዳዬ፦
ከሾርባህ እንቁላል አሟሟሁ፣
ከበቆሎው ገንፎ ቅቤ ሸሸግኩ፣
ያባቴን ማሳ ለውዝ ወቅጬ ወተትህ ላይ በተንኩ።
«ቅመስ እስቲ» እላለሁ። «በኋላ» ትላለህ።
ያን «በኋላ» የሚሉትን ሰዓት
ከግድግዳው ሰዓት ላይ አላገኘሁት።

ቀበቶህን በሚስማር በሳሁ፤ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ ሌላ፣
ትርፉ ጫፍ ተንጠለጠለ እንደ ደከመው ምላስ።
ቀለበትህን ክር ጠመጠምኩበት፣ ከጣትህ እንዳይፈስ።
ጎረቤት ፋዚሌት ገብታ «ቀጠንክ፣ ወጣት መሰልክ» ብትል
ሳቅህ፤ እሷ ስትወጣ
መስታወቱን በፎጣ ሸፈንክ፣ ቀስ ብለህ፣ ያለ ቁጣ።

ሚዛኑ ግን አልወረደም።
ሃምሳ ሁለት። በሳምንቱ ሃምሳ ሁለት፣ ሩብ ጉዳይ። ደግሞ ሃምሳ ሁለት።
«ከሃምሳ አንድ ከወረደ መድኃኒቱ ይቆያል» ነበር የሐኪሙ ቃል፤
«አልወረደም!» ስትል ጉልሰረን፣ እኔ ቅቤዬን አመሰገንኩ፣
አንተ አቀርቅረህ የካልሲህን ቀዳዳ ታያለህ።

ረቡዕ ነው። «ይበርደኛል» እያልክ የማታወልቃትን ሰደርያ
ላጥብ ባነሳት ከበደችኝ።
ከገበሩ ሥር፣ በወንድ እጅ ስፌት፣ ጠማማ፣
አሥራ አራት የመረብ እርሳስ፤
እያንዳንዱ ተምር የሚያህል፣ ቀዝቃዛ፣ ዝም ያለ።

አርባ ዓመት ግራም ያልሰረቀ እጅ
በስተርጅና ሰረቀ!
ለራሱ መስሎኝ ነበር። ሌሊቱን ስገላበጥ ነው የገባኝ፦
ለእኔ ነው። ቅቤዬ እንዳያፍር።
ሁለት ሌቦች ኖረናል ለካ፣ ባንድ ማዕድ፣ ፊት ለፊት፣
አንዱ ላንዱ ሲሰርቅለት።

መልሼ ሰፋኋት። ምን ልበል?

ጉልሰረን የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ እርሳስ ሲንቀጨቀጭ ታውቃለች።
በቀጣዩ ሰኞ በሩን ዘጋች፤ «አጎቴ፣ ሰደርያዋን» አለች።
አወለቅክ። ሃምሳ ነጥብ ስድስት።
ማንም ማንንም አልገሰጸም።
እውነቱን ጻፈች፤ በአፍንጫ ስለሚገባ ቀጭን ቱቦ፣
ተኝተህ ሳለህ ስለሚያጎርስህ ምግብ ነገረችን፤
ከዚያ ወረቀት ዘረጋች፦ «ባለፈው ሳምንት ኑሮህ እንዴት ነበር?
ከአንድ እስከ ሰባት አክብብ።»
እርሳስ ወስዳ እርሳስ ሰጠችህ።

አንተም ያን ጫፉ የሾለ እንጨት ይዘህ
ድሮ ከሳህኑ ፊት እንደምትቆመው ቆምክ፣ ብዙ ደቂቃ።
«ልጄ» አልካት፣ «ገና ይንጠባጠባል፤
እንዴት ይመዘናል?»
ቁጥሮቹ እንደተሰለፉ ቀሩ።

አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ነፋሱ የባሕሩን ሽታ አመጣ።
«ሐምሲ፣ ጨው የበዛበት» አልክ፣ ወደ እኔ ሳትዞር።
አራት ጠበስኩ። ሁለት በላህ፣ ከነአጥንቱ።
ሦስተኛውን መዳፍህ ላይ አኑረህ፣ ከፍ ዝቅ አድርገህ፣
«ስምንት ግራም» አልክ፤
ለእኔ ሰጠኸኝ።